የሴት ቦታው ተይዟል

የለንሳ ጉደታ አስከሬን ከጉደር ፏፏቴ ግርጌ ሲወጣ ቀኝ እጇ እስክሪብቶ እንደጨበጠ ነበር። ከውሃው ያወጧት ሁለት ገበሬዎች ጣቶቿን ሊያላቅቁ ሞክረው ሲያቅታቸው ተዉት። አንደኛው ጋቢውን አውልቆ አለበሳት።

ዕለቱ ሐሙስ ነው፤ ጥቅምት 2011 ዓ.ም.። ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ኢንስፔክተር ቢፍቱ ገቢሳ ከአምቦ ደረሰች። ከፒካፑ ስትወርድ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው እየተጣደፈ መጣና እሷን አልፎ መኪናውን ሲነዳ የመጣውን ሳጅን ኢብሳን ጨበጠው።

«ይገዙ እባላለሁ፤ የፊልሙ ፕሮዲዩሰር ነኝ። ኢንስፔክተር፣ ከባድ አደጋ ነው የደረሰብን። ያ ድንጋይ ያንሸራትታል። ስንት ጊዜ ነግሬያት ነበር።»

«ኢንስፔክተሯ እሳቸው ናቸው» አለ ኢብሳ።

ይገዙ ዞሮ አያት። «ይቅርታ እህቴ፣ አላወቅኩም።»

ቢፍቱ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ወደ አስከሬኑ ሄደች። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሃያ ሁለቱን በወንጀል ምርመራ አሳልፋለች። ብዙ አትናገርም። አብረዋት የሠሩ ሰዎች «ቢፍቱ ጠይቃ ሳይሆን ዝም ብላ ነው የምታናዝዘው» ይላሉ።

ተንበርክካ ጋቢውን ገለጥ አደረገች። ለንሳ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። ፊቷ ላይ ቁስል የለም፤ የራስ ቅሏ ግን ከኋላ ተሰብሯል። እስክሪብቶው ርካሽ ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው፤ ክዳኑ ከኋላው ተሰክቷል።

«ኢብሳ፣ እስክሪብቶ ኪስህ ስትከት ክዳኑን የት ታደርገዋለህ?»

«ጫፉ ላይ።»

«ከኋላው የምትሰካውስ መቼ ነው?»

ኢብሳ ትንሽ አሰበና «ስጽፍ» አለ።

ለንሳ ቆማበት የነበረው ድንጋይ ከፏፏቴው አናት ላይ እንደ መድረክ ወጣ ብሎ ይታያል። ሁለቱ ወጡ። ፀሐዩ ከጠዋት ጀምሮ ሲያቃጥለው የዋለ ድንጋይ ነው፤ ቢፍቱ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ረገጠችው። ደረቅ ነው። የለንሳ ቦርሳ ከጫፉ ሦስት እርምጃ ርቆ ተቀምጧል።

«የሚጽፍ ሰው ይቆማል» አለች ቢፍቱ። «ዓይኑን ወረቀት ላይ ተክሎ ወደ ገደል አይራመድም። ደብተሩን ፈልግልኝ።»

ኢብሳ ደብተሩን ከሩብ ሰዓት በኋላ ከታችኛው ሸንበቆ መሐል አገኘው። ገጾቹ ውሃ ጠጥተው እንደ ገንፎ ተላቁጠዋል። አንድም ፊደል አይለይም።

ያን ቀን ተዋንያኑ ገና ከአዲስ አበባ አልገቡም ነበር። ከለንሳ ሌላ በቦታው የነበሩት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ፕሮዲዩሰሩ ይገዙ፣ ካሜራማኑ ሚልኬሳ፣ ረዳት ዳይሬክተሯ ኤቢሴ፣ የሚኒባሱ ሾፌር ኦቦ ኦሊቃ። ቢፍቱ አራቱንም ወደሚያርፉበት ወደ እንቁ ፔንሲዮን ይዛ ተመለሰችና በምግብ አዳራሹ አንድ በአንድ ልታነጋግራቸው ተቀመጠች።

መጀመሪያ የጠራችው ሾፌሩን ነው። ኦቦ ኦሊቃ ስድሳን የተሻገሩ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የሚያወሩ ሰው ናቸው።

«አካም ኦልተኒ፣ ኦቦ ኦሊቃ» አለች በኦሮምኛ ሰላምታ ስትሰጣቸው። «ጠዋቱን ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

«እሷ ቀድማን ሄዳለች፣ በባጃጅ። ሁልጊዜ እንዲያ ናት፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቦታውን ብቻዋን ማየት ትወዳለች። እኛ ሦስት ሰዓት ላይ ደረስን። ከላይ ሆና እጇን አውለበለበችልን።»

«ምንም አላለችም?»

«አላለችም። መገናኛ ሬዲዮ ሦስት ነው ያለን፦ አንዱ እሷ ጋ፣ አንዱ ትእዛዙን ለሪፖርት በስልኳ የምትቀዳው ኤቢሴ ጋ፣ ሦስተኛው መኪናው ውስጥ ተሰቅሏል። ኤቢሴ የቀኑን ፕሮግራም ይዛላት ወጣች፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ተመለሰች። ከዚያ አራት ሰዓት ላይ ለንሳ በሬዲዮ ተናገረች።»

«ምን አለች?»

«‹ብርሃኑ ገና ነው። ማንም እንዳይወጣ። እኔ እጠራችኋለሁ› አለች። ሁላችንም ሰማናት።»

«‹ሁላችንም› ሲሉ?»

«እኔ፣ አቶ ይገዙ፣ ሚልኬሳ። የመኪናው በር ላይ ቆመን ሻይ እየጠጣን ነበር። ኤቢሴ ከመኪናው ጀርባ የሬዲዮዋን ባትሪ ልትቀይር ሄዳ ነበር፤ ወዲያው ዞራ መጣችና ‹ሰማችሁ አይደል? ቁጭ በሉ እንግዲህ› አለችን።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«አቶ ይገዙ ስልክ ሊያወሩ ወደ አስፋልቱ ሄዱ። ሚልኬሳ ካሜራውን ይዞ ወደ ማዶ ተሻገረ። ኤቢሴ እኔ አጠገብ ተቀመጠች፤ እስከ አምስት ተኩል አልተነሳችም። ስለ ልጆቼ ስትጠይቀኝ ነበር። አምስት ተኩል ላይ ‹ቆየች እኮ፣ እንያት› አለችና አብረን ወጣን። የለችም። ከዚያ ከታች ገበሬዎቹ ሲጮኹ ሰማን።»

ቢፍቱ ዝም ብላ ተመለከተቻቸው። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አገላበጡ።

«አንድ ነገር ልጨምር፣ አዴ ቢፍቱ። እኔ ለእነዚህ ሰዎች አምስት ዓመት ነድቻለሁ። ሚልኬሳ ዳይሬክተር ሆኖ ሠራቸው የሚባሉት ሁለት ፊልሞች የሚልኬሳ አይደሉም። ኤቢሴ ናት የሠራቻቸው። ተዋናይ የምታስጠና እሷ፣ ካሜራው የት ይቁም የምትል እሷ፣ ኋላም ፊልሙን ቆርጣ የምትቀጥል እሷ። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስልክ ይነካካል። ይሄን ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ዝም ይላል።»

ይገዙ ሲገባ መነጽሩን አውልቆ ነበር። ያለመነጽር ሲታይ የደከመ ሰው ይመስላል።

«ለንሳን እንዴት መረጧት?» አለች ቢፍቱ።

«እውነቱን ልንገርዎት? ይሄን ፊልም የሚደግፍ የውጭ ድርጅት አለ። ዳይሬክተሯ ሴት እንድትሆን የሚል መስፈርት አለው። እሷ ደግሞ አጫጭር ፊልሞች ነበሯት። የዚሁ የጉደር ልጅ ናት፣ ጤና ጣቢያ ነርስ የነበረች። ለጋዜጠኞች የሚጥም ታሪክ ነው።»

«ሚልኬሳ ምን ተሰማው?»

«ተቆጣ። ‹ወንበሬን ለኮታ ሰጣችሁት› አለኝ። የካሜራውን ሥራ ሰጥቼ አጽናናሁት።»

«ኤቢሴስ?»

ይገዙ ትከሻውን ሰበቀ። «እሷም ከሁለት ሳምንት በፊት ቢሮዬ መጥታ ነበር። ‹እኔም ሴት ነኝ፣ የሠራሁትም አለ፤ የሚቀጥለውን በስሜ ስጠኝ› አለችኝ። ‹የእኔ እህት፣ የሴት ቦታው ተይዟል› አልኳት። ‹ለንሳ አለች። እሷ የምትወጣ ከሆነ እናያለን።›»

«እንዲህ ነው ያሏት? ‹እሷ የምትወጣ ከሆነ›?»

«እንደ ወሬ ነው እንጂ።»

«አቶ ይገዙ፣ ስንት ወንድ ዳይሬክተሮች ያሠራሉ?»

«ስድስት።»

«ሰባተኛው ሲመጣ የወንድ ቦታው ተይዟል ይሉታል?»

ይገዙ ፈገግ አለ፤ ቀልድ መስሎት ነበር። አብራው አለመሳቋን ሲያይ ስልኩን አውጥቶ አሳያት። «ይልቅ ይሄን ይዩት። ትናንት ማታ የላከችልኝ መልእክት ነው።»

መልእክቱ አጭር ነበር፦ «ነገ ከሥራ በኋላ ስለ ኤቢሴ እናወራለን።»

«ስለ ኤቢሴ ምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ትባረርልኝ ልትል ይሆናል። ትሠራልኛለች ልትልም ይችላል። አልጠየቅኳትም።»

ሚልኬሳ አርባ ዓመት የሞላው፣ ትከሻው ካሜራ በመሸከም የተዛባ ሰው ነው። ገና ሳይጠየቅ ጀመረ።

«እኔን እንደሚጠረጥሩ አውቃለሁ። አልወዳትም ነበር፤ አልደብቅም። ግን ሥራዋን ታውቃለች። ትናንት ቀኑን ሙሉ በውሃው ላይ ስትጮህ ነው የዋለችው። እዚያ ውሃ አጠገብ ሰው ካልጮኸ አይሰማም።»

«ዛሬ ማዶ ተሻግረህ ምን ታደርግ ነበር?»

«ፏፏቴውን ልቀርጽ። እሷን ከዚያ ማየት አይቻልም፣ ዛፍ ይከልላል። ብርሃኑ ከእጄ ሳይወጣ አንድ ሁለት ሾት ልውሰድ ብዬ ነው።»

«ለንሳ ‹ብርሃኑ ገና ነው› ብላችሁ አልነበር?»

ሚልኬሳ ቅንድቡን አነሳ። «እኔንም የገረመኝ እሱ ነው። ትናንት ደመና ስለነበር ስንጠብቅ ዋልን። ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሰማዩ ጠርቷል፤ ከዚህ የተሻለ ብርሃን የለም። ምን ትጠብቃለች እያልኩ ነበር።»

«የትናንቱን ቀረጻ ከነድምፁ ልታሳየኝ ትችላለህ?»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

ኤቢሴ መጨረሻ ላይ ገባች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ የእንጭኒ መምህር ልጅ። ፀጉሯን ወደ ኋላ ጠፍራ አስራዋለች፤ በእጇ ሰሌዳ ላይ የተቆነጠጠ የቀኑን ፕሮግራም ይዛለች። የሚሠራ ፕሮግራም እንደሌለ ያወቀች አትመስልም።

«ስትወጪ እንዴት አገኘሻት?»

«ደህና ነበረች። ፕሮግራሙን አየችው። ብርሃን እየጠበቀች እንደሆነ ነገረችኝ፤ ወረድኩ።»

«ግማሽ ሰዓት ቆይተሻል።»

«ስለ ሥራ ስናወራ።»

«ማን ነበር ብዙ ያወራው?»

ኤቢሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «ሁለታችንም» አለች።

ቢፍቱ ምንም አላለችም። ሌሎቹ በዚህ ዝምታ ውስጥ ይቁነጠነጡ ነበር፤ ኤቢሴ ግን ጭራሽ ደነደነች። ፊቷ ላይ የመጣው ፍርሃት አይደለም፤ ቂም ይመስላል። ቢፍቱ ይህንን አስተዋለች፤ ምክንያቱን ግን ያን ጊዜ አላወቀችም።

ዓርብ ጠዋት ሐኪሙ ውጤቱን በስልክ ነገራት። ለንሳ የሞተችው በጭንቅላቷ ላይ በደረሰው ምት ነው፤ ሰዓቱ ከሦስት እስከ አምስት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ከዚያ በላይ ማጥበብ አይቻልም። እስክሪብቶውን አጥብቃ እንደያዘች በቅጽበት ነው የሞተችው።

ቢፍቱ ስልኩን ዘግታ ወደ ፔንሲዮኑ ማድ ቤት ገባች። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ እንቁ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። የሞተችውን ልጅ ከሕፃንነቷ ያውቋታል።

«ሐሙስ ጠዋት ያናገራት ሰው አለ?»

«እኔ ነኝ ያየኋት። ያናገረችኝ ግን በወረቀት ነው።»

ቢፍቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እንዴት በወረቀት?»

«ድምጿ ጠፍቶ ነዋ! አፏን ስትከፍት ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣው። ከደብተሯ ቀድዳ ጻፈችልኝ።» ወይዘሮ እንቁ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ከስኳር ጣሳው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «አይዞሽ ብዬ ትኩስ ውሃ በማር ሰጠኋት፤ ጠጥታ ሄደች። ለማንም አይንገሩ ስላለች አልተናገርኩም። ዛሬ ግን ማንን ልደብቅላት?»

ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይላል፦

«ድምፄ ጭራሽ ጠፋ። ትኩስ ውሃ በማር ይስጡኝ። እስከ ቀትር ይከፈትልኛል። ለማንም እንዳይነግሩብኝ፤ ይገዙ ከሰማ ሥራውን ለሚልኬሳ ይሰጥብኛል።»

ቢፍቱ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ወደ ሚልኬሳ ክፍል ሄዳ የረቡዕን ቀረጻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየች። ሦስት ሰዓት ፈጀባት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሁሉንም በምግብ አዳራሹ ሰበሰበቻቸው። ይገዙ በመስኮቱ አጠገብ፣ ሚልኬሳ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ኦቦ ኦሊቃ በሩ ጋ፣ ኤቢሴ መሐል ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ እንቁ ቆሙ። ኢብሳ በሩን ዘጋ።

«ለንሳ አንሸራትቷት አልወደቀችም» አለች ቢፍቱ። «ድንጋዩ ደረቅ ነበር። የወደቀችውም እየጻፈች ሳለ ነው። ሰው ጫፍ ላይ ቆሞ ሲጽፍ ወደ ኋላ የሚወድቀው ሌላ ሰው ሲገፋው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ገፋት የሚል ነው።»

«ከአራት ሰዓት በፊት አይደለም» አለ ይገዙ። «በሬዲዮ ሰምተናታል።»

«ሰምታችኋል። ከዚያ በኋላ እርስዎ ብቻዎን ነበሩ፤ ሚልኬሳም ብቻውን ነበር። ኤቢሴ ግን ከኦቦ ኦሊቃ አልተለየችም። በዚያ ሬዲዮ ካመንን ገዳዩ ከሁለታችሁ አንዱ ነው።»

ሚልኬሳ ሊነሳ ሲል ኢብሳ በዓይኑ አስቀመጠው።

«እኔ ግን ሬዲዮውን አላመንኩትም። አንደኛ፣ ‹ብርሃኑ ገና ነው› ይላል፤ ብርሃኑ ግን ከጠዋት ጀምሮ እንደነበረ ሚልኬሳ ነግሮኛል። ሁለተኛ፣ እናንተ ሦስት ሰዓት ላይ ስትደርሱ ለንሳ ሬዲዮ እያላት እጇን ነው ያውለበለበችው። ለምን አልተናገረችም?»

ቢፍቱ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች።

«ሚልኬሳ፣ የትናንት ወዲያውን ቀረጻ ክፈተው። ያሳየሁህን ቦታ።»

ሚልኬሳ ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘ። ደመናማ ሰማይና የሚያጓራ ውሃ ታየ። ከካሜራው አጠገብ ካለ ሬዲዮ የለንሳ ድምፅ ተሰማ፦ «ብርሃኑ ገና ነው። ማንም እንዳይወጣ። እኔ እጠራችኋለሁ።» «ማንም» ካለች በኋላ አጭር ሳል ነበረ።

ኦቦ ኦሊቃ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ሳሉ» አሉ። «ሐሙስም እዚያው ላይ ነው የሳለችው።»

«ያው ድምፅ ነው» አለች ቢፍቱ። «ረቡዕ የተቀዳ፣ ሐሙስ በሬዲዮ የተለቀቀ። ይህን የሚያደርግ ሰው ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ በእጁ ሬዲዮ፣ ከሰው ዓይን መሰወሪያ። አራት ሰዓት ላይ ሦስታችሁ በሩ ላይ ቆማችሁ ሻይ ትጠጣላችሁ። ሬዲዮ ይዞ ከመኪናው ጀርባ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። የቀኑን ትእዛዝ ለሪፖርት በስልኩ የሚቀዳውም እሱ ነው።»

ሁሉም ወደ ኤቢሴ ዞሩ። ኤቢሴ አልተንቀሳቀሰችም።

«ቅጂ መሆኑን በምን ያውቃሉ?» አለች ቀስ ብላ። «ዳይሬክተር አንድን ቃል በየቀኑ ይደግማል። ሳልም ቢሆን ታማ ነበር።»

«ልክ ነሽ፤ ይህ ብቻውን አይበቃም። ወይዘሮ እንቁ፣ ወረቀቱን ያንብቡላቸው።»

ወይዘሮ እንቁ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ይገዙ ስሙ ሲጠራ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ለንሳ ሐሙስ ጠዋት መናገር አትችልም ነበር» አለች ቢፍቱ። «ሹክሹክታ እንኳ አልነበራትም። በሬዲዮ የተናገረችው እሷ ልትሆን አትችልም።»

ሚልኬሳ ይገዙን አየ፣ ይገዙ መስኮቱን አየ። ኤቢሴ ግን ቆመች። የያዘችው የፕሮግራም ሰሌዳ ከእጇ ወደቀ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች።

«ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ።»

«እኔ ስወጣም? እኔ ጋ ስትቆምም?»

«አዎ።»

ኤቢሴ ተመልሳ ተቀመጠች። የተናገረችው ለቢፍቱ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ በክፍሉ ውስጥ የሌሉ ይመስል።

«ሩብ ሰዓት ለመንኳት። ዘጠኝ ዓመት የሰው ስም ስሸከም እንደኖርኩ ነገርኳት። ‹አንቺ ብትነግሪው ይሰማሻል፤ አንድ ቃል ንገሪልኝ፣ ከስምሽ ሥር ስሜን አስገቢልኝ› አልኳት። ዝም አለችኝ። እጇን አንገቷ ላይ አደረገች፤ እስከዚህ ሰልችተሽኛል ያለችኝ መሰለኝ። ‹አንድ ቃል እንኳ አይገባኝም?› አልኳት። ፊቷን አዙራ ደብተር አወጣች። እኔ ቆሜ እየለመንኩ እሷ ሥራዋን ልትሠራ ነው ብዬ...» ቆም አለች። «ገፋኋት። ስትወድቅ አልጮኸችም። ያን ጊዜም አልጮኸችም። ውሃው ድምጿን የዋጠው መስሎኝ ነበር።»

«መልስ እየጻፈችልሽ ነበር» አለች ቢፍቱ።

«ምን ብላ?»

«አላውቅም። ደብተሩ ተበላሽቷል።»

«ስለ እኔ እንደጻፈችለት ይገዙ ማታ ነግሮኛል። ምን ልትለው ነበር?»

«እሱንም አላውቅም። የሚያውቅ ሰው የለም።»

ኤቢሴ እጆቿን ዘረጋች፤ ኢብሳ ካቴናውን አደረገላት። በሩ ላይ ሲደርሱ ኦቦ ኦሊቃ መንገድ ለቀው «ዋቀዮ ይርዳሽ፣ ልጄ» አሏት።

ይገዙ ከሁሉም ኋላ ቀርቶ ቢፍቱን ጠራት። «እኔ ላይ የሚመጣ ነገር ይኖራል?»

«የለም» አለች። ዐቃቤ ሕጉንም አስቀድማ ጠይቃው ነበር። «እንደ ወሬ የተባለ ነገር በሕግ አያስጠይቅም።»

«እኔ እኮ ማንንም አልነካሁም።»

«አልነኩም» አለች ቢፍቱ፤ ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች።

ኤቢሴ በአምቦ ፍርድ ቤት አሥራ አራት ዓመት ተፈረደባት። ጠበቃዋ ሁለቱን ፊልሞች የሠራችው እሷ መሆኗን ለማቅለያ አቅርቦ ነበር፤ ሚልኬሳ ቀርቦ «ረዳቴ ነበረች» ብሎ መሰከረ። ቢፍቱ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ሰማችው። ኤቢሴ ያን ጊዜም አላለቀሰችም።

ፊልሙን ሚልኬሳ ጨረሰው። የውጭው ድርጅት መስፈርቱን በተመለከተ ሲጠይቅ ይገዙ የለንሳን ስም በፊልሙ መጨረሻ ላይ «የመጀመሪያ ዳይሬክተር» ብሎ እንደሚያስገባ ጻፈለት፤ ድርጅቱም ተቀበለው። ፖስተሩ ላይ ግን የወጣው የሚልኬሳ ስም ነው። በዚያው ሰሞን ይገዙ ለአንድ ኤፍኤም ሬዲዮ ሲናገር፣ ለሴቶች በሩን ከፍቶ እንደነበር፣ የሆነው ግን ሁሉም የሚያውቀው መሆኑን፣ ከእንግዲህ ግን ጠንቀቅ እንደሚል ተናገረ። በተከታዩ ዓመት ሰባት ዳይሬክተሮች አሠራ፤ ሰባቱም ወንዶች ናቸው።

ፊልሙ አምቦ ሲመጣ ቢፍቱ የለንሳን እናት አዴ ዘርትሁንን ይዛ ሄደች። ሴትዮዋ ከጉደር ድረስ መልእክት ልከውላት ነበር፤ አብሯቸው የሚገባ ሰው አጥተው ነው። የቅዳሜ ከሰዓት በኋላው ትዕይንት ነበር፤ አዳራሹ ግማሽ ያህል ሞልቷል። አዴ ዘርትሁን ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ታቅፈው ተቀመጡ።

ፏፏቴው በታየ ቁጥር «ይሄ የልጄ ነው?» ብለው በጆሮዋ ይጠይቋታል።

ቢፍቱ የቱ ከረቡዕ በፊት፣ የቱ ከዚያ በኋላ እንደተቀረጸ መለየት አልቻለችም። «ይመስለኛል» እያለች መለሰችላቸው።

ታሪኩ አልቆ ሙዚቃው ሲጀምር ሰዉ መነሳት ጀመረ። «አሁን ነው ስሟ የሚመጣው» አለች ቢፍቱ። አዴ ዘርትሁን ወደፊት ጠጋ አሉ። ነጫጭ ፊደላት ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ፤ የተዋንያኑ ስም አለፈ፤ የሚልኬሳ ስም አለፈ፤ የመብራቱና የአልባሳቱ ሠራተኞች ስም ሲጀምር ስክሪኑ ጠፋና የአዳራሹ መብራት በራ።

ቢፍቱ ደረጃውን ወጥታ የማሳያውን ክፍል ሠራተኛ አገኘችው።

«ለምን አቋረጥከው?»

«ቀጣዮቹ ውጭ ቆመዋል፣ እናቴ። ደግሞ እሱን ማን ያነበዋል?»

«መልሰህ ልታሳየን ትችላለህ? ሁለት ደቂቃ ብቻ።»

«አሁን አልችልም። ማታ ከመጨረሻው በኋላ ከመጡ እሺ።»

ወደ ጉደር የሚሄደው የመጨረሻ መኪና አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው። ቢፍቱ ወረደች። አዴ ዘርትሁን አልተነሱም፤ የጠፋውን ስክሪን እያዩ ነበር። አዳዲስ ተመልካቾች በዙሪያቸው ወንበር እየያዙ፣ ቆሎ እየዘገኑ ይስቃሉ። አንድ ወጣት መጥቶ ቁጥሩን አየና በትሕትና ጎንበስ አለ።

«ይቅርታ እናቴ፣ ይሄ ቦታ የእኔ ነው።»

አዴ ዘርትሁን ቦርሳቸውን አነሱ። «እሺ ልጄ» አሉና ተነሱለት።